ፈረስና የተጨነቀ ልጅ

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ፈረስ መጋለብ የልጆችን ጭንቀት ለማቅለል እንዴት እንደዋለ ታሪኩን እናወጋችኋለን።

ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ሌሊት ሲባንን፣ መኝታው ላይ ሲሸና፣ ከእኩዮቹ ሲሸሽ አይታችሁ ይሆናል። እባካችሁ አትቆጡት፤ የጭንቀት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ፈረስ ለእኛ እንግዳ እንስሳ አይደለም። የቦረና ሕዝብ ከከብቱና ከግመሉ ጋር ፈረስ ሲያረባ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። በእንጅባራ ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ተቋቁሟል፤ በዓሉም ጥር 23 ቀን ነው።

ፈረስ ለሕክምና እንደሚረዳ በዓለም ጎልቶ የታየው በአንዲት የዴንማርክ ሴት ነው። ሊዝ ሃርቴል በ1944 እ.ኤ.አ. በፖሊዮ ታመመች፤ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆነች። ፈረስ ላይ የምትወጣውም የምትወርደውም በሰው ድጋፍ ነበር። ሆኖም በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ አገኘች። ከዚያ ወዲህ አካል ጉዳተኛ ልጆችን በግልቢያ የሚረዱ ማዕከሎች በየአገሩ ተከፈቱ።

በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካው ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ131 ተማሪዎችን ጥናት አወጡ። በየሳምንቱ ፈረስ የተንከባከቡትና የጋለቡት ልጆች፣ ተራቸውን ከሚጠብቁት ይልቅ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ቀንሶ ተገኘባቸው።

ምክንያቱስ? ፈረስ የደነገጠ ሰው ሲቀርበው እሱም ይደነግጣል። ስለዚህ ልጁ ድምፁን ዝቅ፣ እጁን ለስለስ ማድረግ ይማራል። ልጓሙን የያዘለት፣ የሚያምነው ትልቅ ሰውም አጠገቡ አለ።

«ለልጅ እራት ሳይሞላ ፈረስ ከየት እናምጣ?» ብትሉ እውነታችሁን ነው። ግን ፍየልና አህያ ካለ ልጁ ውኃ ያጠጣ፣ ገላውን ያሻሽ፤ እናንተም አብራችሁት ቁሙ። ከኋላ እንዳይቀርብ ንገሩት፣ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ። እንስሳ ከሌለ ደግሞ እንጨት ፈረስ አድርጎ መጋለብን ሁላችንም እናውቃለን። ለእንጨት ፈረሱ እንደ አባቶቹ ስም ያውጣለት፤ በዚያም ስም «አባ እገሌ» እያላችሁ ጥሩት።

መባነኑ ካልተወው፣ ምግብ ወይም ንግግር እንቢ ካለ ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።