ወደ መቅደላ የሚወስደው መንገድ፦ እውነተኛ ሥፍራ በልጆች ልብ ወለድ

ደራሲ ካርታ ላይ ያለን ሥፍራ መቼት ሲያደርግ እንዳለ አይገለብጠውም። አርተር ራንሰም በ1930 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት «ስዋሎውስ ኤንድ አማዞንስ» በሰሜን እንግሊዝ የሚገኙትን የዊንደርሚርና የኮኒስተን ሐይቆች አዋህደው አንድ ሐይቅ ፈጥረዋል። በቀጣዩ መጽሐፋቸው ደግሞ ልጆቹ ከኮኒስተን በላይ የሚታየውን 803 ሜትር ተራራ በሂማላያው በካንቼንጁንጋ ስም ይጠሩታል። ተራራውን ያገዘፈው የልጅ ዓይን ነው።

በእኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው መቅደላ ነው። ኤልዛቤት ሌርድ በ2012 ለወጣት አንባቢያን ያቀረቡት ልብ ወለድ የልዑል ዓለማየሁን ሕይወት ከኢትዮጵያ እስከ እንግሊዝ ይከተላል። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 አምባው ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጃቸው ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የታሪክ መጻሕፍት ምሽግና የጦር ሜዳ የሚሉት ቦታ ለእሱ እናትና አባቱ ያሉበት ቤት ነው። ታሪኩን በዚህ ልጅ በኩል ማየት ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል።

እኔ ግን ከአምባው ይልቅ ወደ አምባው የወሰደው መንገድ ለልጆች መቼትነት የበለጠ ይመቻል እላለሁ። መነሻው ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ነው። አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያቀለጡት እዚያ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሚገመተው ይህ መድፍ በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በጋይንትና በደብረ ዘቢጥ በኩል በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሰ። በጅጣና በበሽሎ ገደሎች ዐለት እየተፈነቀለ መንገድ ይጠረግለት ነበር። ከሠራዊቱ ጋር ሴቶችና ሕፃናትም ይጓዙ ነበርና ጉዞውን በልጅ ዓይን መተረክ ከታሪኩ ጋር አይጣላም።

መልክዓ ምድሩም ራንሰም ካገኙት የሚያንስ አይደለም። ጅብራ የሚበቅልበት ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ካንቼንጁንጋ ብሎ ማጋነን አያሻውም። ከእሱ የሚነሡት ርብና ጉማራ ጣና ይገባሉ፤ ወንዝ ተከትሎ ከውርጭ አገር እስከ ሐይቅ መውረድ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ለልጆች የምትጽፉ ደራሲያን ሆይ፣ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ከጋፋት እስከ በሽሎ ያለውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱበት።