የጎጃም ደጋና እንቁራሪቷ

ደሴት ሲባል ዙሪያውን ውኃ የከበበው መሬት ወደ አእምሮ ይመጣል። በጎጃም ደጋ ለሚኖር ትንሽ ፍጡር ግን ባሕሩ ቆላው ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ሲዞር እጅግ ጥልቅ ሸለቆ ቆፍሯል። ከቡሬ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ከወይና ደጋው ነፋስ ወደ ሐሩር ይገባል፤ ቆዳው ርጥበት የሚሻ እንስሳ ግን ያን ሐሩር መሻገር ይቸግረዋል።

ይህን ሸለቆ ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ጓድ ወንዙን በጀልባ ወረደ። ስለ ጉዞው ሲነገር ጎልቶ የሚሰማው ከፏፏቴና ከሽፍታ ጋር የተደረገው ግብግብ ነው፤ ለዕውቀት የበለጠውን ያተረፉት ግን አብረው የሄዱት ጥቂት የእንስሳት ሊቃውንት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከነዚህም መካከል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህር የነበሩት ማልኮልም ላርገንና የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው ዴሬክ ያልደን ይገኙ ነበር። ሁለቱ ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያን አጥቢ እንስሳት ዝርዝር በተከታታይ አዘጋጅተዋል።

ላርገን እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ የኢጣሊያ መጽሔት ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያን የዛፍ እንቁራሪቶች መርምረው የጎጃሟን ለብቻዋ ለዩ፤ በባልደረባቸውም ስም ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒ አሏት። እ.ኤ.አ. በ1898 የተሰየመችው ዘመዷ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔዩስ በኢትዮጵያ ደጋ በሰፊው የምትገኝ ስትሆን፣ የወገኗ ስም የዛፍ እንቁራሪት ቢሆንም ዛፍ መውጣቱን ትታ በሣርና በአፈር ውስጥ መኖርን መርጣለች።

የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በውኃው ውስጥ ሳይሆን በዳሩ ባለው ርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ የተፈለፈለው እጭ ኋላ ወደ ውኃው ይገባል። ስለዚህ ጨፌው እስከ ጠርዙ ሲታረስ ወይም ባሕር ዛፍ ሲተከልበት፣ ምንጩ ባይነጥፍ እንኳ መራቢያው ይጠፋል። የጎጃም ገበሬ ለመሬት ጥበት ያለበትን ችግር ለሚያውቅ ሰው ይህን በገበሬው ላይ ማላከክ ፍትሕ አይደለም። ሆኖም በክረምት ሌሊት ድምፅዋን የሚሰማው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በአማርኛ እንቁራሪትና ጓጉንቸር ከሚሉት የወል ስሞች ሌላ የራሷ መጠሪያ ሳይኖራት ስሟ በላቲን ብቻ መመዝገቡ ለአገሩ ባዮሎጂ መምህራን የቀረ የቤት ሥራ ነው።

ያልደን እ.ኤ.አ. በ2013 ዐረፉ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የተገኘች አንዲት አይጥ ደግሞ በስማቸው ተጠርታ ነበር።