የኢትዮጵያ መንግሥት ምላሽ ለውጭ አክራሪ ታጣቂ ቡድኖች

ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ ላይ መነሻቸው ከድንበር ማዶ የሆነ፣ ዓላማቸውን በሃይማኖት ስም የሚያራምዱ ታጣቂ ቡድኖች ደጋግመው ጥቃት አድርሰዋል። የመንግሥት ምላሽ በየጊዜው ተለዋውጧል። አንዳንዴ ጉዳዩን ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወስዷል፤ አንዳንዴ ጦሩን ድንበር አሻግሯል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሕግ አውጥቷል፣ የገንዘብ ዝውውርን ተቆጣጥሯል። ውጤቱም አንድ ዓይነት አልሆነም። ዓላማቸው ጠበብ ያለና ሕጋዊ መሠረታቸው የጠራ እርምጃዎች የታሰበላቸውን ግብ ሲመቱ፣ ሰፊ ዘመቻዎችና ወሰን ያልተበጀላቸው ሕጎች ሌላ ችግር አስከትለዋል።

የ1987ቱ ጥቃትና የዲፕሎማሲው መንገድ

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲያመሩ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱባቸው። ሙባረክ ከሞት ተርፈው ወዲያው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጥቃቱን ያደረሰው አል ጋማዓ አል ኢስላሚያ የተባለው የግብፅ ቡድን ነበር። በምርመራው ሦስት ተጠርጣሪዎች ሱዳን ውስጥ መጠለላቸው ስለተገለጸ ኢትዮጵያ ተላልፈው እንዲሰጧት ጠየቀች።

ካርቱም ፈቃደኛ ሳትሆን ስትቀር አዲስ አበባ ጉዳዩን መጀመሪያ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ ቀጥሎም ለጸጥታው ምክር ቤት አቀረበች። ምክር ቤቱ ጥር 22 ቀን 1988 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ፤ ሚያዝያ 18 ቀን ደግሞ በውሳኔ ቁጥር 1054 ዲፕሎማሲያዊ ማዕቀብ ጣለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኦሳማ ቢን ላደን በሱዳን ላይ ጫናው በበረታበት ወቅት አገሪቱን ለቆ ወጣ። ማዕቀቡ የተነሣው በመስከረም 1994 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የፈለገቻቸውን ሰዎች ባታገኝም፣ ለታጣቂዎች መጠለያ የሚሰጥ መንግሥት ዋጋ እንደሚከፍል ለማሳየት ችላለች።

አል ኢቲሃድ እና ውስን የድንበር ዘመቻ

የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ አል ኢቲሃድ አል ኢስላሚ የተባለው ቡድን በጌዶ ክልል በተለይም በሉቅ ሠፈረ፤ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ውስጥም ይንቀሳቀስ ነበር። በ1988 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሆቴሎች ፈንጂ ፈነዳ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩ አብዱልመጂድ ሁሴን አዲስ አበባ ውስጥ ተተኩሶባቸው ቆሰሉ። ከሰኔ 1987ቱ ጥቃት በኋላ የተመረጠው የዲፕሎማሲ መንገድ እዚህ አልሠራም፤ ማዕቀብ የሚጣልበት፣ ስምምነት የሚፈርም መንግሥት በሞቃዲሾ አልነበረምና።

የኢትዮጵያ ጦር በነሐሴ 1988 እና በጥር 1989 ዓ.ም. ድንበር ተሻግሮ የቡድኑን ሠፈሮች መታ። ዘመቻዎቹ ግባቸው የተወሰነ ነበር፤ ካምፖቹን ማፍረስና መመለስ። አል ኢቲሃድ በወታደራዊ ኃይልነቱ ከዚያ በኋላ አላንሰራራም። ይሁንና ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት ሐሰን ዳሂር አዌይስ ከአሥር ዓመት በኋላ በሌላ ድርጅት አናት ላይ ብቅ ብለዋል።

የ1999ኙ ጦርነት

በ1998 ዓ.ም. ማብቂያ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾን ከጦር አበጋዞች አስለቅቆ ያዘ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው የሽግግር ፌዴራል መንግሥት በባይዶዋ ከተማ ተወስኖ ቀረ። የኅብረቱ መሪዎች አዌይስና አጋሮቻቸው በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ እንዲካሄድ ጥሪ ሲያቀርቡ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም. መንግሥት አስፈላጊውን ሕጋዊ እርምጃ እንዲወስድ ፈቀደ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዘመቻውን ራስን የመከላከል መብት ብለው አቀረቡት። ታኅሣሥ 19 ቀን 1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሽግግር መንግሥቱ ኃይሎች ሞቃዲሾ ገቡ።

ከተማዋን መያዝ ቀናት ብቻ ሲፈጅ፣ ከዚያ ለመውጣት ግን ሁለት ዓመት ጠየቀ። የኅብረቱ የወጣቶች ክንፍ የነበረው አልሸባብ የኢትዮጵያን ጦር ወራሪ ብሎ በመሳል ተዋጊ መለመለ፤ በከተማዋ የተደረጉት ውጊያዎችም በሲቪሎች ላይ ከባድ ጉዳት አደረሱ። የጅቡቲ ስምምነት በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከተፈረመ በኋላ ጦሩ በጥር 2001 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ወር የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ሼክ ሸሪፍ ሼክ አህመድ ቀድሞ የኅብረቱ መሪ ነበሩ። ለዘብተኞቹ በድርድር ወደ መንግሥት ሲገቡ፣ ጽንፈኞቹ ከጦርነቱ ጠንክረው ወጡ። አልሸባብ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ከአልቃይዳ ጋር መዋሐዱን አወጀ።

ከአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር

ጦሩ በ2004 ዓ.ም. ወደ ሶማሊያ ተመልሶ በለድወይንንና ባይዶዋን ከአልሸባብ አስለቀቀ። በጥር 2006 ዓ.ም. 4,395 ወታደሮች በይፋ በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ፣ በአሚሶም ውስጥ ተካተቱ። ይህ ዘመቻውን የአንድ ጎረቤት አገር ጉዳይ ከመሆን አውጥቶ የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ያለው የጋራ ሥራ አደረገው። ተልዕኮው በ2014 ዓ.ም. አትሚስ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አውሶም በሚሉ ስሞች ተተካ።

ሌሎች የአካባቢው አገሮችም የየራሳቸውን ዋጋ ከፍለዋል። ዩጋንዳ ወደ ሶማሊያ ጦር በመላኳ በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ካምፓላ በቦምብ ተመታች። ኬንያ በመስከረም 2006 ዓ.ም. የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ከተጠቃ በኋላ በናይሮቢ ኢስትሊ ሠፈር በሶማሌ ተወላጆች ላይ የጅምላ አፈሳ አካሂዳ ከሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ከባድ ነቀፌታ ደረሰባት። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በተጫወተችበት ዕለት፣ ቦሌ አካባቢ ያዘጋጁት ፈንጂ ፈንድቶ ሁለት ተጠርጣሪዎች ሞተዋል።

የሐምሌ 2014 ጥቃትና ራያ ቆቦ

ሐምሌ 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የአልሸባብ ተዋጊዎች በድንበሩ ላይ ያሉትን የይድና የአቶ አካባቢዎች አጥቅተው ወደ ሶማሌ ክልል አፍዴር ዞን ዘለቁ። በሁልሁል አካባቢ የከበባቸውና ግንባር ቀደም ሆኖ የተዋጋው የሶማሌ ክልል ልዩ ኃይል ነበር። ይህ ኃይል አገሩንና ቋንቋውን ያውቅ ነበር፤ ታጣቂዎቹ የአካባቢው ጠባቂ ነን የሚሉትን ስብከትም ከንቱ አድርጎባቸዋል።

ጥቃቱ የደረሰው የፌዴራሉ መንግሥት ትኩረት ከትግራይ ኃይሎች ጋር በተደረገውና በተኩስ አቁም ጋብ ባለው የሰሜኑ ጦርነት ተይዞ ሳለ ነው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የተኩስ አቁሙ ፈርሶ ውጊያው እንደገና የተቀሰቀሰው በሰሜን ወሎ፣ ራያ ቆቦ ውስጥ ባለችው በቆቦ ከተማ አቅጣጫ ነበር። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያሉት ጎብዬና ሮቢት የዚያ ጦርነት መተላለፊያ ነበሩ። የውጭ ታጣቂ ቡድን የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው፤ የውስጥ ግጭትን በፖለቲካ መፍታትም የድንበር ጥበቃ አንዱ አካል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን በሌሎች የጸጥታ መዋቅሮች ውስጥ ለማካተት ሲወስን ቆቦን ጨምሮ በአማራ ክልል ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ።

ከስደት መንገድ የመጣው አደጋ

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው አይኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አሠራጨ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሟቾቹ ሥራ ፍለጋ የወጡ ስደተኞች በመሆናቸው መንግሥት ሊዘምትበት የሚችል ድንበር አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 909/2007 ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውርና ስደተኞችን በድንበር ማሻገርን የሚመለከት ነው፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተተካ። ጉዳዩ ለራያ ቆቦ ቅርብ ነው። ብዙ የአካባቢው ወጣቶች በአፋር አቋርጠው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሰደዳሉ። ደላላን መቆጣጠር፣ በአገር ውስጥ የመስኖ እርሻና ሥራ ማስፋፋት፣ ሕጋዊ የውጭ ሥራ ስምሪትን ማቅናት እነዚህን ዜጎች የሚጠብቁ እርምጃዎች ናቸው።

ሕግ፣ ገንዘብና የሃይማኖት ነፃነት

የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የወጣው ኢትዮጵያ ከሞቃዲሾ በወጣችበት ዓመት ነው። በ2003 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አልቃይዳንና አልሸባብን ከኦነግ፣ ከኦብነግና ከግንቦት 7 ጋር በአንድ ውሳኔ አሸባሪ ብሎ ሰየመ። ሰፊ ትርጉም የነበረው ሕግ ጋዜጠኞች ላይም ዋለ፤ እስክንድር ነጋ በ2004 ዓ.ም. 18 ዓመት ተፈረደበት። ሦስቱ የአገር ውስጥ ድርጅቶች በ2010 ዓ.ም. ከዝርዝሩ ወጡ፤ አዋጁም በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ።

የመጀመሪያው አዋጅ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን መንግሥት አክራሪነትን ለመከላከል አል አሕባሽ የተባለውን እስላማዊ አስተምህሮ ይደግፋል በሚል ከሙስሊሞች ተቃውሞ ገጠመው። ከአወሊያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ «ድምፃችን ይሰማ» በሚል የታወቀው እንቅስቃሴ በዋናነት በሰላማዊ መንገድ የተካሄደ ቢሆንም፣ አስተባባሪዎቹ በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ተለቀቁ። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚኖሩበት በወሎ የአክራሪዎች ስብከት ሥር እንዳይሰድድ የሚያግደው ማኅበራዊ ትስስሩ ነው። መንግሥት በአስተምህሮዎች መካከል ዳኛ ሲሆን ግን አጋሩ የሆነውን ይህንኑ ማኅበረሰብ ያስቀይማል።

በገንዘብ ረገድ አዋጅ ቁጥር 780/2005 ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ከለከለ። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በክትትል ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ፣ ጉድለቶቹ በመስተካከላቸው በ2012 ዓ.ም. አውጥቷታል።

ወቅታዊ ሁኔታ

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሊላንድ ጋር የፈረመችው የመግባቢያ ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር አለመግባባት ፈጠረ፤ አልሸባብም ለቅስቀሳው ተጠቀመበት። ሁለቱ መንግሥታት ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንካራ ልዩነታቸውን በንግግር ለመፍታት ተስማሙ፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም በአውሶም ውስጥ ቀጠሉ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት በፑንትላንድ ሠልጥነዋል ያላቸውን 82 የአይኤስ ተጠርጣሪዎች መያዙን አስታወቀ። ሥጋቱ በአንድ ድርጅትና በአንድ ድንበር ስላልተወሰነ፣ ከሞቃዲሾ ጋር ያለው የመረጃ ልውውጥ፣ ተጠርጣሪን በማስረጃ ለፍርድ ማቅረብና የድንበር ነዋሪዎች አመኔታ የምላሹ ዋና ምሰሶዎች ሆነው ቀጥለዋል።