ቅርንጫፋማ ፖሊመሮች፦ አዘገጃጀታቸው፣ ጠባያቸውና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ፖሊመር፣ ሞኖመር የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ እንደ ክር ቀጥ ያለ ወይም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው ሊሆን ይችላል። ለስላሳው የማሸጊያ ላስቲክና ጠንካራው ጀሪካን ሁለቱም ከኤቲሊን ይሠራሉ። ላስቲኩ የሚለሰልሰው የሰንሰለቶቹ ቅርንጫፎች ተጠጋግቶ መደርደርን ስለሚከለክሉ ነው።

በቁጥጥር የማዘጋጀት ዘዴ

በተለመደው የነጻ ራዲካል ዘዴ ሰንሰለቶች በፍጥነት አድገው በዘፈቀደ ስለሚቋረጡ ርዝመታቸው እጅግ ይለያያል። በቁጥጥር ዘዴ ግን አብዛኞቹ ሰንሰለቶች ለጊዜው ከሥራ ውጪ ሆነው ይቆያሉ፤ በየተራ ለአጭር ጊዜ እየነቁ ስለሚያድጉም ርዝመታቸው ይቀራረባል። በመዳብ ውህድ የሚሠራው የአቶም ዝውውር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በክሪስቶፍ ማትያሼቭስኪና በባልደረባቸው ይፋ ሆኗል። የሰልፈር ውህድ የሚጠቀመው ዘዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ቀርቧል።

ቅርንጫፍ የሚገኝባቸው ዋና ዋና መንገዶች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ሰንሰለቱን ከብዙ ክንድ አስጀማሪ ማሳደግ፤ ውጤቱ የኮከብ ቅርጽ ይኖረዋል።
2. ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሞኖመር በጥቂቱ መጨመር፤ መጠኑ ከበዛ ውህዱ ወደማይሟሟ ጄል ይለወጣል።
3. ራሱ አስጀማሪም የሆነ ሞኖመር መጠቀም፤ ውጤቱ እጅግ የበዛ ቅርንጫፍ ያለው ፖሊመር ነው።

ጠባይና አጠቃቀም

ቅርንጫፋማ ሞለኪውል እኩል ክብደት ካለው ቀጥተኛ ሞለኪውል ይልቅ የታመቀ ነው። ዚምና ስቶክማየር እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ አራት እኩል ክንድ ያለው ኮከብ አማካይ የራዲየስ ካሬው የቀጥተኛው 0.625 እጥፍ ነው። በዚህም ምክንያት በሞለኪውል መጠን የሚለይ መሣሪያ ብቻውን ክብደቱን አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ የብርሃን ብተና ልኬት ይታከልበታል። የታመቀ በመሆኑ የሟሟው ዝልግልግነት ዝቅ ይላል፤ ይህም ቀለም ቀቢዎች የሚያቀጥኑበትን ተናኝ ፈሳሽ ለመቀነስ ያግዛል። የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ፖሊመሮች ለሞተር ዘይትም ያገለግላሉ። በሌላ በኩል ክንዶቹ ከአጠሩ ሰንሰለቶቹ ስለማይተሳሰሩ ምርቱ ተሰባሪ ይሆናል።

ጥንቃቄ

ብዙዎቹ ሞኖመሮች በቀላሉ ተቀጣጣይ ወይም ቆዳን የሚያስቆጡ ናቸው፤ ሂደቱም ሙቀት ያመነጫል። አምራቾችና ላቦራቶሪዎች ከእያንዳንዱ ኬሚካል ጋር የደኅንነት መረጃ ሰነድ ሊጠይቁ ይገባል። ለሕክምና በሚውል ምርት ውስጥ የቀረ መዳብ መወገድ አለበት። ተጠቃሚዎችም አንድ ፖሊመር ቅርንጫፋማ መሆኑ ብቻ በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል ማለት እንዳልሆነ ሊገነዘቡ ይገባል፤ በካርቦን ትስስር ብቻ የተገነባ ሰንሰለት በቀላሉ አይበሰብስም።