የተጣመመ ፓውዛ

በጆሃንስበርግ ክረምት ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ከጄፒ ጎዳና ዕቃ ጭኖ ወደ ሎኬሽን የሚወጣ የአገራችን ልጅ የመልስ ጉዞው በጨለማ ነው። በሰኔ አንድ ማታ አንድ የሆሳዕና ልጅ ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ከፊት የሚመጣ ታክሲ ሁሉ ረዥም መብራት ያበራብኝ ነበር። መካኒክ ዝቅ አደረገልኝ። ትናንት ደግሞ በግራ ጠርዝ የሚሄድ ሰው ልገጭ ለጥቂት ተረፍኩ» አለኝ። መኪናው የ1990ዎቹ ኮሮላ ነው። የግራ ፓውዛው ተሰብሮበት በአዲስ ተክቶታል።

አጭር መብራት ዝም ብሎ ወደ ፊት የሚረጭ ብርሃን አይደለም። ከላይ በኩል ስለታም ወሰን አለው። ወሰኑ ከፊት በሚመጣው አሽከርካሪ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ በእግረኛው ጠርዝ በኩል ግን ወደ ላይ ያቀናል። በመንገድ ዳር የሚሄደውን ሰው ከሩቅ የሚያሳየን ያ ከፍ ያለው ክፍል ነው።

ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የጎማውን ነፋስ አስተካክሉ፣ ጭነት አራግፉ፣ በሾፌሩ ወንበር ሰው አስቀምጡ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ አስጠግታችሁ የአምፖሎቹን መሃል ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ቀጥ ብላችሁ 5 ሜትር ወደ ኋላ። ጠፍጣፋው ወሰን ከምልክቱ 5 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ በየሜትሩ 1 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ወደ ላይ የሚታጠፍበት ነጥብ በአምፖሉ ትይዩ ይሁን። አንዱን ፓውዛ በጨርቅ ሸፍናችሁ ሌላውን በካቻቪቴ ታስተካክላላችሁ፤ አንዱ ቪቴ ከፍና ዝቅ፣ ሌላው ግራና ቀኝ ያደርጋል። በአሮጌ መኪና ቪቴው ዝጎ ስለሚቆይ ዘይት አጠጥታችሁ ብታሳድሩት ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን አምፖሉን እዩ። ኤች 4 የሚባለው ባለ ሁለት ክር አምፖል ሦስት ጆሮ አለው፤ በግድ ተጣሞ ከገባ የትኛውም ቪቴ አያድነውም።

የልጁ አምፖል ደህና ነበር። ግድግዳው ላይ ግን የቀኙ ፓውዛ ብርሃን ወደ ግራ ሲያቀና፣ የአዲሱ ወደ ቀኝ ያቀናል። ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው አማቹ ከአዲስ አበባ ይዞለት መጥቶ ኖሯል። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች፤ ደቡብ አፍሪካ በግራ። ፓውዛው አልተበላሸም፣ ለሌላ መንገድ የተሠራ ነው። ከፍ ሲል ታክሲዎቹን ያሳውራል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ለግራው ጠርዝ የሚቀረው የአንድ ፓውዛ ብርሃን ብቻ ነው።

ይህን ሳይገዙ ማወቅ ይቻላል። በክብ ውስጥ የ«ኢ» ፊደልና ቁጥር ያለበት መስታወት ላይ ቀስት ፈልጉ። ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ስታዩ ቀስቱ ወደ ቀኛችሁ ከጠቆመ በግራ ለሚነዳ አገር ነው። ቀስት ከሌለው በቀኝ ለሚነዳ ነው። ባለ ሁለት አፍ ቀስት ከሆነ ለሁለቱም እንዲቀያየር የተሠራ ነው።

«አዲስ እኮ ነው ጋሼ!» ብሎ አኮረፈኝ። አልፈረድኩበትም፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ዕቃ ነው። አገር ቤት ቢሆን ቦሎ ሲያሳድስ ምርመራ ይጠብቀው ነበር። እዚህ የግል መኪና በአብዛኛው የሚመረመረው ባለቤት ሲቀይር ስለሆነ፣ ጉድለታችንን የሚነግረን ከፊት የሚመጣው ሰው ነው።

ቅዳሜ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ግቢ ባለ ቀስቱን አገኘን፤ እሑድ ማታ ግድግዳው ሥር አስተካከልነው። አዲሱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስቀምጦታል። አገር ቤት የሚያደርስለት መንገደኛ እየፈለገ ነው።