የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011

በኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት የሚቋቋሙበት፣ የሚተዳደሩበትና የሚፈርሱበት የፌዴራል ሕግ ነው። የተተካው የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ይከለክል ነበር፤ ብዙዎቹንም ያዳከመው ይኸው ክልከላ ነው። አዲሱ ሕግ ገደቡን አንሥቷል።

ድርጅት የሕግ ሰውነት የሚያገኘው ሲመዘገብ ነው። ከዚያ ወዲህ በራሱ ስም ቢሮ ይከራያል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ከለጋሽ ጋር ውል ይፈራረማል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። የውስጥ አሠራሩን የሚወስነው መተዳደሪያ ደንቡ ነው።

ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዙ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የባንክ አገልግሎት ክፍያ እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ስለዚህ የድጋፍ ስምምነት ሲረቀቅ የትኛው ወጪ የፕሮጀክት፣ የትኛው የአስተዳደር እንደሆነ በግልጽ መለየት አለበት፤ ይህን ለሒሳብ ሹሙ ብቻ መተው አደገኛ ነው።

ድርጅቱ ገቢ ለማግኘት ሊነግድ ይችላል፤ ትርፉን ግን አባላት አይከፋፈሉትም። ሲፈርስም ዕዳው ተከፍሎ የተረፈው ንብረት ለአባላት አይመለስም።