የታሰበው ጋብቻና የደረሰው ጋብቻ

ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳሉ የሚለው የአባቶች ምሳሌ ሁልጊዜ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ፣ የታሪክ ጸሐፊ ብዙ ቀለም ባልፈጀም ነበር። በዘመነ መሳፍንት በመኳንንት ቤት የሚደረገው ጋብቻ ከሁለትና ከሦስት ባሕር የሚቀዳ ነበርና። አባት ለልጁ ባል ሲመርጥ ለራሱ የጦር አጋዥ ይመርጥ ነበር፤ ሙሽራው በበኩሉ ግዛትን ያስባል፤ ሙሽራይቱ ምን እንደምታስብ የሚጠይቃት ግን እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ሽማግሌ የጨረሰው፣ ካህን የባረከው ቃል ኪዳን ማንም ያልጠበቀውን ፍሬ ሲያፈራ ታይቷል። ለዚህም የዓፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በእርሳቸው ዘመን ሁለት የተፈጸሙ ጋብቻዎችና አንድ በወሬ ብቻ የቀረ ጋብቻ እናገኛለን።

የፊተኛው እንዲህ ነው። በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን የሚገዙት ራስ ዓሊ አሉላና እናታቸው እቴጌ መነን፣ በቋራ በረሓ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ በጦር አልበገር ቢላቸው በጋብቻ ሊያስሩት አሰቡ። የራስ ዓሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች ተዳረችለት። የሹማምንቱ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ሚስቲቱ ባሏን ታለዝበዋለች፣ ምስጢሩንም ወደ አባቷ ቤት ታደርሳለች የሚል ነው። ነገር ግን ተዋበች ባሏን ወደደች።

ስለዚሁ ነገር የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ካሣ በጦርነት ቆስሎ ሳለ ባለመድኃኒቱ የሰባች ላም ጠየቀው። ካሣም ወደ እቴጌ መነን ቢልክ፣ እቴጌይቱ ላሚቱን ትተው ጥቂት ሥጋ ብቻ ሰደዱለት። በዚህ ጊዜ ከባሏ ይልቅ የተቆጣችው ተዋበች ነበረች ይባላል፤ የአያቷን ንቀት ሳትበቀል የሚቀመጥ ባል እንደማትፈልግም ነገረችው። ልጓም ትሆናለች ተብላ የተላከችው ወይዘሮ ለፈረሱ አለንጋ ሆና ተገኘች። ካሣ ከዳ፤ እቴጌ መነንም በ1839 ዓ.ም. ቆስለው ተማረኩ፤ ራስ ዓሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ለአማቻቸው ግዛት መስጠት ግድ ሆነባቸው። በ1845 ዓ.ም. ሰኔ በአይሻል ጦርነት አማት በአማች ተሸነፉ፤ የየጁዎችም ሥልጣን በዚያው አበቃ። ከዚህ በኋላ ከባሏ ጋር እቴጌ የሆኑት ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ነሐሴ ሲያርፉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኀዘናቸው እጅግ የበረታ ሆነ።

ሁለተኛው ጋብቻ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። በ1847 ዓ.ም. የካቲት ግን ውቤ በጦርነት ድል ተደርገው ታሰሩ፤ በዚያች ቤተ ክርስቲያንም ዘውድ የተጫነው በካሣ ራስ ላይ ሆነ፤ ስመ መንግሥታቸውም ቴዎድሮስ ተባለ። ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ የዚሁ እስረኛ ልጅ የሆኑትን ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ። እርሳቸው ሁለተኛ ተዋበችን ጠበቁ፤ እርሷም አባቷ ይፈታልኛል ብላ ተስፋ አደረገች ይባላል። ሁለቱም የጠበቁትን አላገኙም። ውቤ እንደታሰሩ ሞቱ፤ እቴጌይቱም በኩራታቸው ጸኑ። አንድ ቀን ንጉሡ ሲገቡ እቴጌይቱ መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ አግኝተዋቸው ቢያነጋግሯቸው ዝም አሉ። ለምን እንደማይመልሱ ቢጠየቁ፣ ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ከዳዊት ጋር እየተነጋገርሁ ነው ብለው መለሱ ተብሎ ይነገራል። አገር የፈራቸው ጌታ በገዛ ቤታቸው እንዲህ ያለ መልስ ተቀበሉ። ከዚህ ጋብቻ ግን በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለዱ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ንግሥቲቱ ባላቸው አልበርት ከሞተባቸው ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በደብዳቤው የተጻፈው ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ቱርኮች ግፍና ወደ ለንደን ስለሚላኩ መልእክተኞች ነው፤ የጋብቻ ቃል አንድም የለበትም። ይሁን እንጂ በአውሮፓ የሐበሻው ንጉሥ ንግሥቲቱን ለጋብቻ ጠየቀ የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ሲያስቅ፣ ደብዳቤው ራሱ በለንደን መሥሪያ ቤቶች መልስ አጥቶ ተቀመጠ። በአገራችን ልማድ ሽማግሌ የላከ ሰው እሺም እምቢም ይባላል እንጂ በዝምታ አይመለስም። ዓፄ ቴዎድሮስም ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ታኅሣሥ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። የንግሥቲቱ መልስ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ የደረሰው በ1858 ዓ.ም. ጥር ነው፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

የዚህ ሁሉ መጨረሻ በጋይንት ምድር አለፈ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ድንጋይ እያስፈለጡ፣ መንገድ በእጅ እያስጠረጉ፣ በጋይንት አድርገው የጨጨሆን ገደል አለፉ። ዛሬ ከንፋስ መውጫ ወደ ወልድያ በመኪና የሚጓዝ ሰው ያን ጨጨሆን ሲያይ፣ ያንን መድፍ የጎተተው ክንድ እንዴት እንደቻለው ይደነቃል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ገደሉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር በትግራይ ዐረፉ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። ሕፃኑ ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ፤ በ1872 ዓ.ም. ኅዳር በ18 ዓመታቸው ሞቱ። የተቀበሩትም በንግሥት ቪክቶሪያ ግቢ፣ በዊንድሶር ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በወሬ ለአባቱ የታጨችው ንግሥት ልጁን በቤቷ አስቀበረች።

እንግዲህ ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው ምንድን ነው? ራስ ዓሊ ልጃቸውን ሰላይ አድርገው ሰደዱ፤ ሚስት ሆና ቀረች። ዓፄ ቴዎድሮስ ከእስረኛ ልጅ ፍቅር ጠበቁ፤ ዝምታ አገኙ። ለንደን የወዳጅነትን ጥያቄ ሳይመልስ ቀረ፤ ጦር ለመስደድ ተገደደ። በሦስቱም ቦታ የጠፋው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ደግሞ ማጫም ሠራዊትም አያስፈልገውም፤ ጥቂት ትሕትና ብቻ ይበቃዋል።